ሥዕሉን ያላዘዙት ሽማግሌ

አሜሪካ ውስጥ ትልቅ የሚባል የሥዕል ሙዚየም ገብታችሁ ከ1800 እስከ 1830 ያለው ክፍል ስትደርሱ እግራችሁ ይፈጥናል። የሁላችንም ይፈጥናል። ግድግዳው በሙሉ ሰውዬ ነው። ጥቁር ኮት፣ ነጭ የአንገት ጨርቅ፣ ከጀርባ ቡናማ ጨለማ፣ አንዳንዴ ቀይ መጋረጃ። አንዱ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቷል፣ ሌላው ደብዳቤ ይዟል። ነጋዴ ናቸው፣ ዳኛ ናቸው፣ የመርከብ ባለቤት ናቸው። ስማቸውን ታነባላችሁ፣ ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ይጠፋችኋል። ከሥሩ «የአንድ ጨዋ ሰው ምስል» ብቻ የሚል የተለጠፈበትም አለ። ስሙ ጠፍቶ ኮቱ ቀርቷል ማለት ነው።

አልፈርድባቸውም። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1839 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት መልኩን ለልጅ ልጁ ማቆየት የፈለገ ሰው ሠዓሊ ፊት ይቀመጣል፣ ይከፍላል። የሚከፍል ሰው ደግሞ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ያውቃል። ሠዓሊውም ያውቅለታል። ኪንታሮቱ ትቀንሳለች፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ዓይኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ያያል። ጨዋታው ይሄ ነበር።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ጊልበርት ስቱዋርትን ውሰዱ። የአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ፊት መነሻው የእሱ ሥዕል ነው። ስቱዋርት በዚያ ዘመን ለአንድ የደረት ምስል 100 ዶላር ይቀበል ነበር። የዋሽንግተንን ሥዕል እየገለበጠ ሲሸጥ ኖረና ቅጂዎቹን ራሱ «የመቶ ዶላር ኖቶቼ» ይላቸው ነበር። ይቺን 100 ዶላር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከነዚህ ሁሉ ሰውዬዎች መካከል እግሬን የሚይዘኝ አንድ ሥዕል ነው። ፊላደልፊያ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ አለ። ትልቅ አይደለም፣ ቁመቱ 61 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 51 ገደማ። የዘይት ቀለም በሸራ ላይ። የተሳለው በጥር 1819 ዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ ጆርጅታውን ላይ ነው። የተሳሉት ሰው ያሮ ማሙት ይባላሉ። ሽማግሌ፣ ጥቁር፣ ሙስሊም፣ ከሃያ ዓመት በላይ ነጻ ሰው ሆነው የኖሩ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ 44 ዓመት ባሪያ የነበሩ።

ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። ራሳቸው ላይ የሹራብ ኮፍያ አለ፣ ግንባራቸው ድረስ ወርዷል። ኮት ላይ ኮት ደርበዋል፣ ከላይ የቆዳ ካፖርት። ቁልፎቹ ብርሃን ይዘዋል። ወሩ ጥር ነው፣ የዋሽንግተንን ጥር የቀመሰ ያውቀዋል። ግን ልብሱን ተዉት። ፊታቸው ነው ነገሩ። ከዓይናቸው ዳር የሚነሱት መስመሮች ወደ ጉንጭ ሲወርዱ ሠዓሊው አንዱንም አልዘለለም፣ አንዱንም አላለሰለሰም። ዓይናቸው ላይ ትንሽ ውሃ መሳይ ብርሃን አለ። ከንፈራቸው ሊስቅ ነው ወይስ ስቆ ጨርሷል? እኔ እንጃ። ብቻ እንደዚያ ክፍል ሰውዬዎች ራቅ አድርገው አያዩም። እናንተን ነው የሚያዩት። ሲያዩዋችሁ ደግሞ በጣም አልተደነቁባችሁም።

ጓደኛዬን ይዤ ሄጄ ነበር፣ የወሎ ልጅ ነው። ቆሞ አያቸውና «እኚህ ሰውዬ ሰው አበድረዋል» አለ። ሳቅኩ። እውነቱን መናገሩን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል ነው። ሰውዬው ራሱ ጉድ ነው። በ1741 ሜሪላንድ ተወለደ፣ ኮርቻ መሥራት ተማረ፣ ከዚያ ሠዓሊ ሆነ። የአሜሪካ አብዮት ሰዎችን አብዛኛዎቹን ሥሏል። በ1786 ፊላደልፊያ ላይ ሙዚየም ከፈተ። የሞተ ወፍ ቆዳውን ሞልቶ ለዕይታ ያቆማል፣ እባብ ያሳያል፣ በ1801 የማስቶዶን (ዘሩ የጠፋ ዝሆን መሳይ እንስሳ) አጥንት ከመሬት አስቆፍሮ አውጥቶ አቆመ። ልጆቹን ራፋኤል፣ ሬምብራንት፣ ሩበንስ፣ ቲሺያን ብሎ ሰየማቸው። ስማቸው የከበዳቸው ልጆች ናቸው፣ ግን የተወሰኑት ጥሩ ሠዓሊ ወጥቷቸዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠርቷል፣ ስለ ጤና ጽፏል። ሰው ራሱን ከጠበቀ 200 ዓመት መኖር ይችላል ብሎ ያምን ነበር።

ያሮ ዘንድ ያደረሰውም ይሄ እምነቱ ነው። በ1818 መጨረሻ ላይ ፒል ወደ ዋሽንግተን የመጣው ትላልቅ ሰዎችን ለመሳል ነበር። ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮን ሣለ። በዚያው ሰሞን ጆርጅታውን ውስጥ 140 ዓመት የሞላቸው ጥቁር ሽማግሌ አሉ የሚል ወሬ ደረሰው። የ77 ዓመት ሰው ነው፣ 140 ሲባል ልቡ ይቆማል እንዴ? ሸራውን ይዞ ሄደ። በሁለት ቀን ሥሎ ጨረሰ።

ማለትም የመጣው ለቁጥር ነው። ልክ እንደ ማስቶዶኑ፣ ብርቅ ነገር ሊሰበስብ። ለፒል ክፉ ልሁን ብዬ አይደለም፣ የማስታወሻ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ሥዕሉን እንደጨረሰ ዕድሜያቸውን ለማጣራት የቀድሞ አሳዳሪዎቻቸው ቤተሰብ ዘንድ ሄዷል። ቁጥሩ አልጸናለትም። ዛሬ ታሪክ አጥኚዎች ያሮ የተወለዱት 1736 ገደማ ነው ይላሉ። ሥዕሉ ሲሣል ታዲያ 83 ቢሆናቸው ነው።

ግን ቁጥሩን ያጋነነው የመንደር ወሬ ብቻ አይደለም። ሲሞቱ ጋዜጣ ላይ የወጣው ዜና «በራሳቸው አነጋገር» 136 ዓመታቸው እንደነበር ይገልጻል። በራሳቸው አነጋገር! እኛ ቤትም እኮ አያት ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣልያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር» ብለው ሒሳቡን ለእናንተ ይተዋሉ። ያሮ ግን ሒሳቡንም ራሳቸው ሠርተው ሰጥተዋል። ለሰማያት የቀረበ ሽማግሌ ዕድሜ ቢጨምር ማን ይከለክለዋል? እንደ እኔ ግምት ደግሞ ሰው ስለ ዕድሜያቸው ሊያያቸው ሲመጣ ሳያስደስታቸው አልቀረም።

ከየት መጡ? ፉላኒ ናቸው፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ጊኒ ከምንለው አካባቢ። በ1752 ኢላይጃ በምትባል መርከብ አናፖሊስ ወደብ ላይ ወረዱ፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ሆነው። ሳሙኤል ቤል የሚባል የሜሪላንድ ባለ መሬት ገዛቸው። እሱ ሲሞት ለልጁ ለብሩክ ቤል ተላለፉ። እንደ ዕቃ፣ እንደ ከብት። ብሩክ ጆርጅታውን ውስጥ ነጋዴ ነበር። ያሮ ጡብ መሥራት ያውቃሉ። ብሩክ ጆርጅታውን ላይ ለሚሠራው ትልቅ ቤት ጡቡን ሠርተው ከጨረሱ ነጻ እንደሚያወጣቸው ቃል ገባ። ጡቡን ሠሩ። ሰውዬው ግን በ1795 ሞተ። ሚስቱ ቃሉን ጠበቀች፣ በ1796 የነጻነት ወረቀቱ ተጻፈ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ነበር። ስልሳ ዓመት የሞላውን ጡብ ሠሪ ነጻ ማውጣት ለባለቤቱ ያን ያህል የሚያከስር ነገር አይደለም፣ ይሄንንም ማለት አለብኝ።

አሁን ወደ መቶ ዶላሯ ልመለስ።

ያሮ ነጻ እንደወጡ መሥራት ጀመሩ። ቀን የጉልበት ሥራ፣ ማታ መረብና ቅርጫት። ሳንቲም በሳንቲም 100 ዶላር አጠራቀሙ። የሚያምኑት አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ በአደራ አስቀመጡ። ነጋዴው ሞተ። ገንዘቡም አብሮት ተቀበረ። ድጋሚ ሠሩ፣ ድጋሚ 100 ዶላር ሞላላቸው። አሁን ብልህ ሆኑና ለወጣት ነጋዴ ሰጡ፤ ወጣት ቶሎ አይሞትማ! ወጣቱ ከሰረ። ይህን ሁሉ ዋርደን የሚባል ጸሐፊ ስለ ዋሽንግተን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በ1816 አስፍሮታል። በከተማው የታወቀ ታሪክ ነበር ማለት ነው። ሰዎች የሳቸውን አነጋገር እየኮረጁ ያወሩት ነበር፣ ያ ነገር ዛሬ ሲነበብ ደስ አይልም። ታሪኩ ግን ይነበባል።

ስቱዋርት አንድ ፊት የሚስልባትን ብር እኚህ ሰው በሽምግልናቸው ሁለት ጊዜ ሠርተው ሁለት ጊዜ አጧት። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እሳቸው ሦስተኛ ጊዜ ተነሡ። አሁን 200 ዶላር ሞላ። ለሰው አልሰጡም። የጆርጅታውን ኮሎምቢያ ባንክ አክሲዮን ገዙበት። በእርጅናቸው የሚኖሩት ከአክሲዮኑ በሚገኘው ገንዘብ ነበር። በ1800 ደግሞ ዛሬ ዴንት ፕሌስ የሚባለው መንገድ ላይ ቦታ ገዝተው ቤት ሠርተዋል። ከአራት ዓመት በፊት ራሳቸው በሰው ንብረት ዝርዝር ውስጥ ነበሩ።

ፒል ፊት የተቀመጡት እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ናቸው። ሥዕል አላዘዙም፣ አልከፈሉም። ፒል ወጣ ገባ እያለ ሲስል እሳቸው የራሳቸውን ወሬ ያወራሉ። ደብተሩ ላይ የጻፈው ያስደስተኛል። ጆርጅታውን ውስጥ የማያውቃቸው የለም፣ የሰፈር ልጆች ያበሽቋቸዋል፣ እሳቸው አይከፋቸውም። ወዳጆቻቸው የአሳማ ሥጋና ውስኪ ይቅመሱ እያሉ ይቀልዱባቸዋል፣ እሳቸው አሳማ መብላት ጥሩ አይደለም፣ ውስኪ መጠጣትማ በጣም መጥፎ ነው ብለው ይመልሳሉ። በመንገድ ላይ ፈጣሪያቸውን በዜማ እያወደሱ ይሄዳሉ። እዚህ ጋ ጓደኛዬ «መንዙማ ነዋ!» አለኝ። የፉላኒው ዜማ የወሎ መንዙማ አይሆንም፣ ይሄንን እሱም ያውቃል። ግን በማለዳ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚሄዱ ሽማግሌ ወሎ ላደገ ሰው እንግዳ አይደሉም። ሃይማኖት ከልብ ካልመጣ ሰው ዋጋ የለውም ማለታቸውንም ፒል መዝግቦላቸዋል። ረጅም ዕድሜያቸውን ሲያስረዳም መልካም ጠባያቸው ሳይረዳቸው አልቀረም ብሏል።

ሥዕሉ ለምን እንዲህ ሕያው እንደሆነ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ይሄ ነው። ፒል ብር ተከፍሎት የሣላቸው ሰዎች ፊታቸው ይመሳሰላል። እንቁላል ቅርጽ ያለው ፊት፣ ጥቃቅን ዓይን፣ ዘንበል ያለ አንገት። የእጁ ልማድ ነው፣ ደንበኛውም ይወደዋል። ያሮ ላይ ግን ልማዱ አልሠራም። የሚያስደስተው ደንበኛ አልነበረውም። ዕድሜ ሊስል መጥቶ እያንዳንዱን መጨማደድ ማስረጃ አድርጎ ያዘው። መጨማደዱን በታማኝነት ሲከተል ሰውየው ራሳቸው መጡ። የተሳሉት ደግሞ የሚያሳዩት ነገር አልነበረም፤ ጨዋ መምሰል አልነበረባቸውም። ቤት አላቸው፣ አክሲዮን አላቸው፣ ዕዳ የለባቸውም። ሠዓሊ መጣ፣ ይምጣ። ተቀመጥ ሲሏቸው ተቀመጡ።

ይሄን ሁሉ ብዬ ፒልን ቅዱስ አላደርገውም። ቤቱ ውስጥ ሞዘስ ዊልያምስ የሚባል ሰው ነበረ። ወላጆቹ ባሪያዎች ነበሩ፣ ወደ ፒል ቤት የመጡትም አንድ የሜሪላንድ ባለ እርሻ ለተሳለለት ሥዕል ክፍያ አድርጎ ስለሰጣቸው ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የሥዕል ዋጋ ሰው። ስቱዋርት ዶላር ይቀበል ነበር፣ ፒል ባልና ሚስት ተቀበለ። የባለ እርሻው ሥዕል የት ደረሰ፣ የት ተሰቀለ እያልኩ ሙዚየም በሄድኩ ቁጥር ሰውዬዎቹን አያለሁ። ከመካከላቸው የስንቱ ፍሬም ጀርባ እንዲህ ያለ ሒሳብ ይኖር ይሆን?

ሞዘስ ሙዚየሙ ውስጥ አደገ። የፒል ልጆች ቀለም ሲማሩ እሱ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ የሰውን የጎን መልክ በመሣሪያ እየተከተሉ ከነጭ ወረቀት መቁረጥ። በ1802 ነጻ ወጣ። መሣሪያው ሙዚየሙ ውስጥ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ከ8,000 በላይ ምስል ቆረጠ፣ ለእያንዳንዱ 8 ሳንቲም ይከፈለው ነበር። በዚያ ገንዘብ የራሱን ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ገዛ። ሥራዎቹ ላይ የታተመው ግን የሙዚየሙ ስም እንጂ የእሱ አይደለም። ለብዙ ዘመን የፒል ሥራ ተብለው ኖረዋል። ያሮን እንዲያ በጥንቃቄ ያየ ዓይን፣ እቤቱ ያደገውን ልጅ ብሩሽ አላስያዘውም። ይሄ ሰው ሁለቱንም ነው። አንዱን ይዤ አንዱን ልጣል ብል አይሆንልኝም።

የያሮም ሥዕል ስሙን አጥቶ ነበር። የፒል ሙዚየም ከስሮ ሥዕሎቹ በ1854 በጨረታ ሲሸጡ የእሳቸው ሥዕል «ቢሊ ሊ» ተብሎ ተሸጠ። ቢሊ ሊ የጆርጅ ዋሽንግተን አገልጋይ የነበረ ባሪያ ነው። ጥቁር ሽማግሌ ከተሳለ ማን ይሆናል፣ የዋሽንግተን ሰው ነው እንጂ! እንደዚህ ነው የተሰላው። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ያሮ በሌላ ሰው ስም ተሰቅለው ኖሩ። በ1947 የፒል ዝርያ የሆነው የታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ኮልማን ሴለርስ ስማቸውን መለሰላቸው። ፊላደልፊያ የሥዕል ሙዚየም የገዛው በ2011 ነው።

እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች ፊላደልፊያ ሩቅ አይደለም፣ ግን ከዚያም የቀረበ አለ። በ1822፣ ፒል ከሣላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጄምስ አሌክሳንደር ሲምፕሰን የሚባል የጆርጅታውን ሠዓሊ ያሮን ድጋሚ ሥሏቸዋል። ያ ሥዕል የጆርጅታውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው፣ አር ስትሪት ላይ። በሚያዝያ 2007 ቤተ መጻሕፍቱ በእሳት ተያይዞ ጣሪያው ሲወርድ ከእሳቱ ከተረፉት ነገሮች አንዱ ይሄ ሥዕል ነው። ሲምፕሰን እንደ ፒል እጁ የፈታ አይደለም፣ ፊቱ ትንሽ ደረቅ ብሎበታል። ግን ፒልን ይደግፍለታል፤ ያው ሰው፣ ያው ኮፍያ፣ ያው አስተያየት። በዚያ ዘመን ሁለት ሠዓሊ የሣለው ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ጆርጅታውን ውስጥ ስንቶቻችን መኪና አቁመናል፣ ስንቶቻችን ታክሲ ነድተናል፣ ስንቶቻችን የሰው መኪና ተቀብለን ቁልፍ ሰቅለናል። ዴንት ፕሌስ ጸጥ ያለ የሀብታም መንገድ ነው፣ ተሳፋሪ አድርሰን የምንወጣበት። ያሮ በጥር 1823 ሲሞቱ የጋዜጣው ዜና እንደሚለው የተቀበሩት እዚያው በግቢያቸው ጥግ፣ ሶላት ይሰግዱበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። በ2015 የከተማው አርኪዮሎጂስቶች ግቢውን ቆፍረው ነበር። ዕቃ አገኙ፣ አጽማቸው ግን አልተገኘም።

የልጃቸው ሚስት ፖሊ ያሮ ሜሪላንድ ገጠር ውስጥ አዋላጅ ነበረች፣ ያሮስበርግ የሚባለው መንደር እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

ጓደኛዬ «አበድረዋል» ያለው ነገር ቀርቶብኛል። በ1821 ያሮ ለአንድ ነጭ ነጋዴ 170 ዶላር ገደማ አበድረው ነበር። ሁለቴ ተቃጥለዋላ፣ ስለዚህ በቃል አልሰጡትም፤ መጋዘኑን በመያዣነት አስፈርመው ነው። ሰውዬው ሳይከፍል እሳቸው ሞቱ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጃቸውም ሞተ። በ1843 የእህታቸው ልጅ ሰነዱን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። ረታች፣ ገንዘቡንም ተቀበለች።